የኮሪያው ፊልም፣ የደሴው ተመልካችና የልጅ ኢያሱ ፎቶግራፍ

ዛሬ ስለ አንድ የኮሪያ ፊልም ልጽፍ ነው። «ፖለቲካው አልቆ ነው ወይ ፊልም የተጀመረው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥቂት ይታገሠኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወሎ ቤተ መንግሥት መግባቱ አይቀርም።

ፊልሙ የፓርክ ቻን ዉክ «ዘ ሃንድሜይደን» ነው፤ በእኛ «ደንገጡሯ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በካን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ፤ በ2018 ደግሞ የብሪታንያው ባፍታ ከእንግሊዝኛ ውጭ ለተሠሩ ፊልሞች የሚሰጠውን ሽልማት ወሰደ። መነሻው ሳራ ዋተርስ የተባለች ደራሲ በ2002 ያሳተመችው «ፊንገርስሚዝ» የተባለ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ታሪኩን ከቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ነቅሎ ጃፓን ኮሪያን ቅኝ ይዛ በነበረችበት በ1930ዎቹ ተክሎታል። የኮሪያኛ ርእሱ «አጋሺ» ነው፤ «ወይዘሪቷ» እንደ ማለት። በኮሪያኛ የተጠራችው እመቤቲቱ፣ በእንግሊዝኛ የተጠራችው አገልጋይቱ! ማጭበርበሩ ከርእሱ ይጀምራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኛ ዘንድ የደረሰው እንደ አብዛኛው የውጭ ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ነው። ደሴ ላይ ሚሞሪ ከሚጭኑት ሱቆች አንዱ «የኮሪያ የታሪክ ፊልም» ብሎ ለጠየቀው ሁሉ ከነገሥታቱ ድራማዎች ጋር ቀላቅሎ ይጭንለት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ ለመድረስ ሐረጎን እስኪወርዱ ድረስ እንኳ አልፈጀበትም፤ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ወረደ። ለአባቶቻችን ኮሪያ ማለት ቃኘው ሻለቃ ነበር። ለዛሬው ወጣት ግን ኮሪያ ማለት ሐር የለበሰች ልዕልትና ፀጉሩን የቋጠረ ጦረኛ ነው። እንግዲህ ያንን ብሎ የጫነ ሰው ምን እንደገጠመው ገምቱ።

ከማውቃቸው ሰዎች መካከል ፊልሙን የጀመሩትን በሦስት እከፍላቸዋለሁ። ሁለት ሴቶች አንድ አልጋ ላይ እንዳየ «አዑዙ ቢላህ» ወይም «በስመ አብ» ብሎ የዘጋው አንዱ ነው። ይኼኛው ተመልካች ከሁሉም ይበዛል፤ ፊልሙን ባያየውም ከሁሉም በላይ ያወራለታል። ሁለተኛው ያንኑ ትዕይንት ብቻ ፈልጎ፣ ቀሪውን በጣቱ እየገፋ ያሳለፈው ነው። ይህ ደግሞ ብዙም አያወራም። ሦስተኛው እስከ መጨረሻው ያየው ሲሆን በቁጥር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእነዚህም አንዱ በኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወዳጄ «ይኼ የባንዳ ፊልም ነው እኮ!» ብሎ ደወለልኝ። ይህንን ጽሑፍ ያጻፈኝ የእርሱ ስልክ ነው።

መጸየፍ መብት ነው። ሰው በእምነቱና ባሳደገው ባህል ሚዛን «ይህንን አላይም» ቢል ማንም ሊያስገድደው አይችልም፤ ፊልሙ በገዛ አገሩ እንኳ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላሉ የተከለከለ ነው። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ላይ የያዘው አቋምም የታወቀ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ስለ ማታለል የተሠራን ፊልም ሰምቶ ሰው ስለ ገላ ብቻ የሚያወራው ለምንድን ነው? ገላውን ሲያይ ሌላው ሁሉ ከዓይኑ የሚሰወርበት ምክንያትስ ምንድን ነው?

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። (ያላያችሁና ልታዩት የምታስቡ ካላችሁ ምሥጢሩን ላወጣው ነውና ይህንን አንቀጽ ዝለሉት።) የጃፓን መኳንንት ዘር ነኝ የሚል አንድ አጭበርባሪ ኮሪያዊ፣ በሌቦች ቤት ያደገች አንዲትን ልጅ ደንገጡር አድርጎ ወደ አንዲት ባለጸጋ ወይዘሪት ቤት ያስገባል። ልጅቷ ወይዘሪቷን አባብላ እንድታጋባው፣ እርሱም ካገባት በኋላ የአእምሮ ሕሙማን ቤት አስገብቶ ሀብቷን እንዲወርስ፣ ድርሻዋንም እንዲሰጣት ነው ውሉ። በመካከሉ ሁለቱ ሴቶች ይዋደዳሉ። የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ ግን ሕሙማን ቤት ደጃፍ ላይ ታንቃ የምትያዘው ወይዘሪቷ ሳትሆን ደንገጡሯ ናት። ለካስ አታላይዋ ስትታለል ነበር የቆየችው! ሁለተኛው ክፍል ያንኑ ታሪክ ከወይዘሪቷ ወገን ሆኖ እንደገና ይነግረናል፤ ቀደም ሲል ያየነው እያንዳንዱ ፈገግታ፣ እያንዳንዱ እንባ ሌላ ፍቺ እንደነበረው ያሳየናል። ሰምና ወርቅ ሲፈታ ያደገ የአማርኛ ተናጋሪ ይህንን አካሄድ ከማንም ቀድሞ ሊገባው በተገባ ነበር።

ወዳጄ «ባንዳ» ያለው የወይዘሪቷን አጎት ነው። ሰውየው ኮሪያዊ ነው፤ ጃፓኖች አገሩን ሲይዙ አስተርጓሚያቸው ሆኖ አገልግሎ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ተሸልሟል፤ የጃፓን ስም አውጥቷል፤ የጃፓን ባላባት ቤተሰብ ውስጥ በጋብቻ ገብቷል፤ ቤቱን እንኳ ግማሹን በጃፓን ግማሹን በእንግሊዝ ዓይነት አሠርቷል። የኮሪያ የሚባል ነገር አስቀያሚ፣ የጃፓን የሚባል ነገር ውብ እንደሆነ ሳያፍር ይናገራል። የፊልሙ የግርጌ ጽሑፍ በሁለት ቀለም የቀረበውም ለዚህ ነው፤ ኮሪያኛው በነጭ፣ ጃፓንኛው በቢጫ፤ ማን በየትኛው ቋንቋ እንደሚዋሽ ተመልካቹ እንዲያውቅ። በእኔ እጅ በገባው ቅጂ ላይ ሁለቱም ነጭ ሆነዋል፤ እዚህ የተጫነው ሁሉ እንደዚያው ከሆነ ከፖለቲካው ግማሹ ሱቁ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማወቅ ለእኛ ቀለም ባያስፈልገንም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ባሉባት ደሴ ላይ ቦንብ ሲያዘንቡ፣ ከተማዪቱም በሚያዝያ ወር በጠላት እጅ ስትወድቅ፣ አስተርጓሚና መንገድ መሪ አልጠፋም ነበር። አምስቱን ዓመት ያየ ሽማግሌ ይህንን ፊልም ቢያይ በአጎትየው ሳቅ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ሳቅ ይሰማው ይመስለኛል።

ይህ አጎት የብልግና መጻሕፍት ሰብሳቢ ነው። ያሳደጋትን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እየቀጣ እነዚያን መጻሕፍት እንድታነብ አሠልጥኗታል፤ ምሽት ላይ ጥቁር ልብስ የለበሱ የተከበሩ ሰዎች ተሰብስበው ይቀመጣሉ፤ እርሷ ታነባለች፤ እነርሱ ያዳምጣሉ፤ በመጨረሻም መጽሐፉን ይጫረቱበታል። የልጅቷን ፊት የሚያይ የለም፤ የሚያዳምጡት ሌላ ነገር ነው። በጣቱ እየገፋ የሚፈልገውን ብቻ የፈለገው ተመልካቻችን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተዘጋጀለት ወንበር አለ። «በስመ አብ» ብሎ የዘጋውም ከወንበሩ ብዙ የራቀ አይመስለኝም፤ እርሱም ያየው ያንኑ ብቻ ነውና። ዳይሬክተሩ ሁለቱንም አስቀድሞ ያወቃቸው ይመስላል፤ ሁላችንም ገላውን ስናይ ትልቁን ሌብነት በፊታችን ፈጸመው። ደንገጡሯ የኪስ አውላቂ ልጅ መሆኗ ያለ ነገር አይደለም፤ የኪስ አውላቂ ሥራ የሚጀምረው ባለኪሱ ወደ ሌላ ነገር እንዲያይ ከማድረግ ነውና።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ አለ። ግብሩ ላይ የተገኘ ሁሉ ሳይጠየፍና ሳይጠየፉት አብሮ ይበላበት የነበረ ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። የከተማዪቱ ሰው ዛሬም ይኮራበታል። የባለ አዳራሹ ልጅ ግን ከዙፋን የወረደው በመጸየፍ ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ ሕዝብ እንዲጸየፈው በተደረገ ሥዕል ነው።

ልጅ ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ተወለደ። እናቱ የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ አባቱ ደግሞ በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ማግስት፣ በ1870 ዓ.ም. ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት ራስ ሚካኤል ናቸው። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ሥልጣኑ የኢያሱ ሆነ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ግንቦት 23 ቀን አባቱን ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርጎ አነገሠ። የሸዋ መኳንንት ይህንን ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው ለመገመት የታሪክ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ሥልጣን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲሸሽ ነበር የሚያዩት። በ1908 ዓ.ም. ክረምት ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረርጌ አንሥቶ ወደ ካፋ ሲያዛውር ደግሞ ነገሩ የአደባባይ ሆነ። ከውጭም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይነድ ነበር፤ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ማዘንበሉ፣ ከሶማሌው ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ጋርም መላላኩ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን አስቆጣ፤ የሦስቱም ሌጋሲዮኖች በመስከረም 1909 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንድነት የተቃውሞ ደብዳቤ አስገቡ።

ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ ፖለቲካ ነው። ሹመት፣ ግዛት፣ ጦርነት፣ ቅኝ ገዥዎች። ለሕዝብ የቀረበው ግን ይህ አልነበረም። ለሕዝብ የቀረበው የኢያሱ ጥምጣምና የኢያሱ መኝታ ቤት ነበር። ሰልሟል፣ መስጊድ ይሳለማል፣ ከባላባቶች ልጆች ጋር ያለ ልክ ይጋባል ተባለ። በእስልምና አለባበስ ጥምጣም አድርጎ የሚታይበት ፎቶግራፍም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያ ፎቶግራፍ እውነተኛ ይሁን ተቀጥሎ የተሠራ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለእኔ ክርክሩ የሁለተኛ ደረጃ ነው። እውነተኛ ቢሆንስ? በእስላምና በክርስቲያን የቆመን አገር የሚገዛ ወጣት፣ አያቶቹ ኢማሞች የነበሩ ልጅ፣ ሐረር ገብቶ እንደ ሐረር ሰው ቢለብስ ከዙፋን የሚያስወርድ ወንጀል የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? በጋብቻ መተሳሰርስ የነገሥታቱ ሁሉ የቆየ ፖለቲካ አይደለምን?

ኢያሱን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም የምጽፈው። ዋና ከተማውን ለወራት ትቶ ይዞር ነበር፤ መማክርቱን አይሰማም ነበር፤ በ1904 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጊሚራ ባደረገው ዘመቻ ብዙ ሰው በባርነት ተነድቷል። አንድን ገዥ የሚያስጠይቅ ወንጀል ከተፈለገ ይኸው ነበር! ዳሩ ግን የዙፋኑ ፍርድ የቆመው በጊሚራ ላይ ሳይሆን በጥምጣሙ ላይ ነው። ጊሚራን ማንሣት ብዙ ጌቶችን ያነካካ ነበር፤ ጥምጣሙ ግን ከአንድ ሰው በቀር ማንንም አይነካም። የቁራኛንና የሌባሻይን ሥርዓት ለማስቀረት መሞከሩንም የሚያነሣለት አልነበረም። ተመልካቹ ሥዕሉን አይቶ ተጸይፎ ነበር፤ የተጸየፈ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ክፍል አይጠይቅም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ፤ አቡነ ማቴዎስም ጥቂት ካቅማሙ በኋላ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የወሎ ጦር ሰገሌ ላይ አለቀ። ለልጃቸው የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ተማርከው በድል ሰልፉ ላይ በሰንሰለት ታስረው በአዲስ አበባ ሕዝብ ፊት አለፉ፤ እንደ ታሰሩም ሞቱ። ያ ሰልፍም ትዕይንት ነበር፤ ተመልካች ነበረው፤ እልል ተብሎለታል። ሰገሌ ላይ የወደቀው የወሎ ገበሬ ግን ስለ ፎቶግራፉ ሰምቶ እንኳ እንደሆነ እንጃ።

«ይህንን ሁሉ ከኮሪያ ፊልም ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። የሚያገናኘው ዘዴው ነው። ሰውን ለመዝረፍ ሲፈለግ በመጀመሪያ የሚጸየፈው ወይም የሚጎመዠው ነገር ይቀርብለታል፤ ሁለቱም ዓይን በመያዝ እኩል ናቸው። አጭበርባሪው መኮንን ይህንን ያውቃል። የ1909 መኳንንትም አውቀውት ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡትም አልረሱትም።

የእኛን የገዛ መጻሕፍት ዕጣ ተመልከቱ። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ጽፎ በገላ ነገር ግልጽነቱ ምክንያት መጽሐፉ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆየ፤ ስብሐት ግን በሰላም አርጅቶ፣ በወዳጆቹ ተከብቦ ኖረ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ»ም ፍቅር አለበት፣ ሰላይ አለበት፣ መታለል አለበት። ሆኖም መንግሥትን ያስቆጣው መኝታ ቤቱ አልነበረም፤ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ጓዳ መክፈቱ ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ብልግና አሳታሚን ያስፈራ ይሆናል፤ ሥልጣንን የሚያስፈራው ግን ሌላ ዓይነት ራቁትነት ነው።

ይኸው የኮሪያ ፊልም ካን ላይ በታየበት በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተቀዱ የውጭ ድራማዎችን ማሳየት ጀመረ። ያኔ የተነሣውን ጩኸት ታስታውሳላችሁ። ባህል ጠፋ፣ ልጆች ተበላሹ፣ ትዳር ፈረሰ ተባለ፤ የጥበብ ሰዎች ማኅበራት ተቃውሞ አሰሙ። በእንጀራቸው የመጣባቸው ነውና አልፈርድባቸውም፤ ደሴ ውስጥም ቡና እየፈላ ስለ ቱርኩ ባልና ስለ ውሽማው ያልተከራከረ ቤት ማግኘት ያስቸግር ነበር። ወራት ሳይቆይ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመመሪያውም ኢሳትንና ኦኤምኤንን መከታተል ተከለከለ። (ኢያሱ ከወረደ ልክ መቶ ዓመቱ መሆኑን ያኔ ልብ ያለ ሰው አላጋጠመኝም።) አስተውሉ! ሳሎናችን ውስጥ የሚታይ ነገር ወንጀል ሲሆን፣ የተከለከለው የተሳሳሙት አልነበሩም። ስለ መሳሳሙ ለወራት የጮኸው ተመልካች ግን ስለ ክልከላው እምብዛም አልጮኸም። መፍራቱ ይገባኛል። ያልገባኝ፣ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላም አለመናገሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደሴና ኮምቦልቻ የባሰ አይተዋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሕወሓት ኃይል ወደ ደሴ ሲገባ አንዱ ወገን «ይዣታለሁ» ሲል መንግሥት «አልተያዘችም» ይል ነበር፤ ከተማዪቱ በማን እጅ እንዳለች ነዋሪው በጆሮው የሚሰማውን ተኩስ ትቶ በስልክ ዘመድ ይጠይቅ ነበር። ኮምቦልቻም ተከተለች። እስከ ኅዳር 27 በነበሩት ሳምንታት ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተራቆተ። በዚያ ወቅት በየስልኩ የዞረውን ፎቶግራፍ ብዛት የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ከሌላ አገር ጦርነት የተቆረጠ፣ ከሌላ ዓመት የመጣ፣ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የተሠራ። አብዛኛው አንድ ዓላማ ነበረው፤ ጎረቤትህን እንድትጸየፍ። ሰው አንዴ ከተጸየፈ በኋላ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ሥዕሉን ያስተላልፋል እንጂ። ዛሬም ያው ነው። እንዲያውም ሥዕል ለመሥራት እንደ 1909ኙ ዘመን መቀስና ሙጫ አያስፈልግም፤ ስልኩ ራሱ ይሠራዋል።

ወሎ ደግሞ በዚህ ነገር ልትታለል የማይገባት ነበረች። የአምባሰልና የባቲ ቅኝት አገር ናት፤ ስለ አንገትና ስለ ዓይን፣ ስለ ዳሌና ስለ ሽንጥ አዝማሪዋ ያላለው የለም። ሰርግ ላይ ያንን ሲሰማ የሚያጨበጭብ ሰው ፊልም ላይ ገላ ሲያይ ዓለም እንደ ተገለበጠች የሚሆነው ግጥሙ በሰም ስለ ተሸፈነለት ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፤ እቀበላለሁ። ግን እስላምና ክርስቲያን በአንድ ጣሪያ ሥር ተጋብቶ በሚኖርበት አገር፣ አንድ ጥምጣም የለበሰ ፎቶግራፍ የገዛ ልጇን ሲያስጥላት ያየች ወሎ፣ ሥዕል ሲቀርብላት በመጀመሪያ «ማን ላከው?» ብላ ብትጠይቅ ነበር የሚያምርባት። የትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፎቻችን ኢያሱን ለረጅም ጊዜ ሲያስተምሩን የኖሩት በከሳሾቹ አንደበት ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ተምረን ፈተናውን አለፍን።

ወዳጄ ከኮምቦልቻ ሲደውል ከ«ባንዳው» ቀጥሎ የነገረኝ ነገር ነበር። ፊልሙን ያየው ሁለት ጊዜ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ወይዘሪቷ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ስታለቅስ እንባዋን እያየ ሳቀ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ግን አዝኖላት ነበር። እመቤቲቱ የምታደርገው ነገር አንድም አልተለወጠም፤ የተለወጠው እርሱ ነው። ፊልሙን በአንደኛው ክፍል ላይ ዘግታችሁ «ጸያፍ» ስትሉ የከረማችሁ ወዳጆቼም ብትከፍቱት ባትከፍቱት የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ያያችሁት ግን አጭበርባሪው እንድታዩት የፈለገውን ያህል ብቻ ነው፤ ደንገጡሯም ሕሙማን ቤት ደጃፍ እስክትደርስ ድረስ ያየችው ከዚያ አይበልጥም።